የምትሮጠው እሷ ናት፤ ልብሱንስ ማን ይምረጥላት?

 

በዚህ እትም የምናነሣው ስለ ስፖርት ነው። «እኛ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ስንሮጥ የምንውል ሰዎች፣ ስፖርት ምናችን ነው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን ጉዳዩ የሩጫና የኳስ ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ የምትለብሰውን ማን ይወስንላታል የሚል ጥያቄ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኛም ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹን የጻፍነው እዚህ በምንኖርበት አገር እንደሚቆጠረው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ያስነሣብን በዕረፍት ቀናችን ሻይ ስንጠጣ የተፈጠረ ክርክር ነው። አንዲት እህታችን የ2024ቱን የፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን መጨረሻ በስልኳ ታሳየን ነበር። ሲፋን ሐሰን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ስታሸንፍ፣ የእኛዋ ትዕግስት አሰፋ በ3 ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። ሲፋን አዳማ ተወልዳ፣ በ15 ዓመቷ በስደት ወደ ኔዘርላንድ የሄደች ልጅ ናት። ውድድሩን ፀጉሯን ሳትሸፍን እንደ ሌሎቹ ሯጮች ለብሳ ሮጠች። በዚያው ቀን ማታ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ሜዳሊያዋን ለመቀበል ስትወጣ ግን ሂጃብ አድርጋ ነበር።

አንዷ እህታችን፣ «ሃይማኖቷን የምታከብር ከሆነ ለምን ቁምጣ ለብሳ ሮጠች?» አለች። ሌላዋ፣ «አንዴ ከሮጠች ወዲያ መሸፈኑ ምን ይረባታል?» ብላ መለሰች። እንደ እናት የምናያቸው ታላቃችን ደግሞ፣ «ልጆቼ፣ ሴት ልጅ ጭኗ እየታየ በአደባባይ ስትሮጥ እኔን ደስ አይለኝም» አሉ። ሁላችንም የየራሳችንን አልን። «እሷስ ምን ትላለች?» ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልተገኘም። በኋላ ስናስበው አፈርን፤ ይህን ለመጻፍ የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያው ከተማና በዚያው ኦሎምፒክ፣ ለፈረንሳይ የምትወዳደር ሴት ሂጃብ እንዳታደርግ ተከልክላ ነበር። የአገሪቱ መንግሥት፣ አገርን ወክሎ የሚወዳደር ሰው የሃይማኖት ምልክት ሊያሳይ አይገባም የሚል አቋም አለው። የዱላ ቅብብል ሯጯ ሱንካምባ ሲላ ሂጃብ ስለምታደርግ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ መገኘት እንደማትችል ተነግሯት፣ በመጨረሻ ኮፍያ አድርጋ እንድትገኝ ተስማሙ። እንግዲህ ፀጉሯ በኮፍያ ቢሸፈን አገር አይፈርስም፤ በሻርፕ ቢሸፈን ግን ይፈርሳል ማለት ነው?

በሌላው ወገን ደግሞ ኢራን አለች። በዚያ አገር ሕግ ሴት ስፖርተኛ ውጭ አገር ስትወዳደር እንኳ ፀጉሯን እንድትሸፍን ትገደዳለች። በኦክቶበር 2022 ኤልናዝ ረካቢ የምትባል የተራራ መውጣት ስፖርተኛ ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል ላይ ያለ መሸፈኛ ተወዳደረች። ኋላ ላይ ሳታስበው የሆነ ነገር እንደ ነበር ተናገረች፤ ነገር ግን ወደ አገሯ ስትመለስ ምን ይደርስባት ይሆን ብሎ የሰጋላት ሰው ብዙ ነበር። አንዲት ሴት ስላልሸፈነችው ፀጉሯ ይህን ያህል የሚሰጋላት ከሆነ፣ ያ ልብስ ምርጫዋ ነበር ለማለት እንቸገራለን።

የኢራን ሴቶች ነገር በዚህ አያበቃም። በጁን 2011 ለለንደን ኦሎምፒክ ማጣሪያ ከዮርዳኖስ ጋር ሊጫወቱ አማን የገቡት እግር ኳስ ተጫዋቾች፣ ሜዳ ላይ ከወጡ በኋላ በመሸፈኛቸው ምክንያት መጫወት አትችሉም ተባሉ። ፊፋ ያን ጊዜ፣ መሸፈኛው አንገት ሊያንቅ ይችላል ብሎ ከልክሎ ነበር። ልጆቹ ሜዳው ላይ አለቀሱ፤ ጨዋታውም 3 ለ 0 እንደ ተሸነፉ ተቆጠረባቸው። የአገራቸው ሕግ ሳትሸፈኑ አትጫወቱም ይላቸዋል፤ የዓለሙ ሕግ ተሸፍናችሁ አትጫወቱም ይላቸዋል። በሁለት የወፍጮ ድንጋይ መካከል እንደ ገባ እህል ሆኑ። ሕጉን ካወጡት ከሁለቱም ወገን ግን አንድም ቀን የወጡበትን ጨዋታ ያጣ የለም።

መሸፈን ብቻ ነው ጣጣ ያመጣው እንዳትሉ፣ ተቃራኒውንም ተመልከቱ። በ2011 የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን በትልልቅ ውድድሮች የሚጫወቱ ሴቶች ሁሉ ቀሚስ ወይም ጉርድ እንዲለብሱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ምክንያቱ ቁምጣ ለጨዋታው አይመችም የሚል አልነበረም፤ ስፖርቱ ይበልጥ እንዲያምርና ተመልካች እንዲበዛለት ነው። ተጫዋቾቹ ስለ ተቃወሙ ሕጉ በተግባር ሳይውል ቀርቶ በ2012 ተሰረዘ።

ከዚያ የባሰው የባሕር ዳርቻ የእጅ ኳስ ነው። ወንዱ ቁምጣ ለብሶ ሲጫወት፣ ሴቷ ግን የቢኪኒ የታችኛውን ክፍል እንድትለብስ፣ የጎኑም ስፋት ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተጽፎ ነበር። ዐሥር ሴንቲ ሜትር ማለት የአንድ እጅ መዳፍ ስፋት ያህል ነው። በጁላይ 2021 ቡልጋሪያ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና የኖርዌይ ሴቶች «ይበቃል» ብለው ቁምጣ ለብሰው ወጡ። እያንዳንዳቸው 150 ዩሮ፣ በድምሩ 1,500 ዩሮ ተቀጡ። ዓለም ሁሉ ስለ ጮኸ ሕጉ በዚያው ዓመት ተለወጠ፤ ቁምጣም ተፈቀደ። ቢሆንም አዲሱ ሕግ የሴቶቹ ቁምጣ አጭርና ጥብቅ ያለ ይሁን ይላል፤ ለወንዶቹ ግን ጥብቅ ይበል አላለም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ኑሮ ጥቂት እንበል። ብዙዎቻችን ገና በሩን እንዳለፍን ዩኒፎርም የተሰጠን ነን። እውነቱን ለመናገር፣ ዩኒፎርም የምትወድ እህት አለች፤ የራሷ ልብስ በበረኪና አይበላሽባትም። ዘይት ሲፈናጠር ሽርጥ መታጠቅም ምክንያት ያለው ነገር ነው፤ ማዳም ራሷ ብትጠብስ ትታጠቀዋለች። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነጭ ሽርጥ አድርገሽ እዚህ ቁሚ ስንባል ግን፣ ልብሱ ለሥራው ሳይሆን ለዕይታ እንደ ሆነ ይገባናል። ልዩነቱን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን።

ይህንኑ መለኪያ ወደ ሜዳ እንውሰደው። ሕጉ ለጨዋታው የሚረባ ምክንያት አለው ወይ? ለወንዱም እንዲሁ ነው ወይ? የምትለብሰው ሴት ተጠይቃለች ወይ? የቡድን ማሊያ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጓደኛን ከባላጋራ ለመለየት ነው። የጆሮ ጉትቻ ይውለቅ ቢባልም እንዲሁ፤ ሰው እንዳይጎዳ ነው። የፊፋም የአንገት ስጋት ከልብ ከሆነ መፍትሔው ሩቅ አልነበረም፤ ሲጎተት ቶሎ የሚለቅ መሸፈኛ መሥራት ይቻላል። በእርግጥም ከ2012 ጀምሮ ተሞክሮ በማርች 2014 ሙሉ በሙሉ ተፈቀደ። በ2023ቱ የሴቶች የዓለም ዋንጫ የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና በዚያ መድረክ ሂጃብ አድርጋ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጨዋታው አልተበላሸም።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብን እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ «ምርጫዋ ነው የምትሉት በአባቷ ወይም በወንድሟ ተገዳ ቢሆንስ?» የሚል ነው። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ የሚገደዱ ልጆች አሉ። ነገር ግን ቤት ውስጥ የምትገደድን ልጅ ከሜዳ ብናባርራት የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። የምትተነፍስበትን አንድ መስኮት ዘጋንባት እንጂ ነፃ አላወጣናትም።

ሁለተኛው፣ «ሃይማኖት ከሜዳ ይውጣ» የሚል ነው። በዚህ ላይ እኛ ክርስቲያኖች ከመናገራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በ2012 ለንደን ላይ መሠረት ደፋር 5,000 ሜትሩን ስታሸንፍ፣ በማሊያዋ ውስጥ ይዛው የሮጠችውን የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ለዓለም አሳየች። ስንቶቻችን በየሰው ሳሎን ጥግ ቆመን እንባችንን ጠረግን! ያን ቀን አንድ ባለሥልጣን መጥቶ «ይህን ሥዕል ደብቂ» ቢላት ምን ይሰማን ነበር? እንግዲያስ ለእኛ ሲሆን የምንደሰትበትን ለሙስሊም እህታችን ልንከለክላት አይገባም። ለራሳችን የምንወደውን ለሌላውም እንድናደርግ ተምረናል።

ለታላቃችንም በአክብሮት እንመልስ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አለ፤ ነጠላችንን የምንለብሰው ወደን ነው። ሜዳ ግን ሌላ ቦታ ነው። የአልጄሪያዋ ሐሲባ ቡልመርካ በ1991 የዓለም፣ በ1992 ደግሞ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን የሆነችው በቁምጣ ሮጣ ነው፤ በዚህም ምክንያት የግድያ ዛቻ ደርሶባት ከአገሯ ውጭ ለመለማመድ ተገደደች። እዚሁ ባሕረ ሰላጤው ላይ ደግሞ የባሕሬኗ ሩቂያ አል ጋስራ ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሸፍና በ2006ቱ የዶሃ የእስያ ጨዋታዎች በ200 ሜትር ወርቅ ወሰደች። አንዷን ቁምጣዋ አላዋረዳትም፤ ሌላዋንም ሂጃቧ ከመሮጥ አላስቀራትም።

ይህን ሁሉ ብለን ስለ ራሳችን ጥፋት ዝም ብንል ግብዝነት ይሆንብናል። ባለፈው ዓመት በዕረፍት ቀን ለምንጫወተው መረብ ኳስ ገንዘብ አዋጥተን ለሁሉም አንድ ዓይነት አጭር ቁምጣ ገዛን። ሁለት እህቶቻችን፣ «እናንተ ተጫወቱ፣ እኛ ውኃ እንጠብቃለን» ብለው ከዳር ተቀመጡ። ደክሟቸው መስሎን ነበር። አንደኛዋ ሙስሊም ናት። የሁለተኛዋ እግር ወጥ ቤት ውስጥ በዘይት ተቃጥሎ ጠባሳ አለበት፤ ሰው እንዲያየው አትፈልግም። ይህን ያወቅነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ሕግ ያወጣነው እኛ፣ ዳር የቀሩት እነሱ ሆኑ። በሳምንት በአንዲት የዕረፍት ቀናቸው እንኳ ሳንጠይቃቸው አለበስናቸው።

በመሆኑም ዘንድሮ ተመካክረን ወስነናል። ከላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ እንለብሳለን፤ ከታች ግን ቁምጣም ሆነ ሱሪ፣ እያንዳንዷ የሚመቻትን ትልበስ። በራስዋ ላይ ሻርፕ የምታደርግም ታድርግ፤ መርፌ ቁልፍ ብቻ አይኑርበት፣ ሊወጋ ይችላልና። እናንተም በየከተማው ስትሰባሰቡና ቡድን ስታቋቁሙ ገንዘቡ ከመዋጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ፣ «ምን ለብሰሽ ብትጫወቺ ይመችሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ዝም የምትለዋን ጠይቋት።

ቸር ያሰንብተን።