ወደብ የለንም፤ ምሳ ግን አለን

ዘንድሮ ስለ ወደብ የማያወራ የለም። እስኪ ስለ ምሳ እናውራ።

ጣሊያን ውስጥ ሊቮርኖ ላይ ከመርከብ የወረደ ጎብኚ አውቶቡስ ተሳፍሮ ባሕር የሌላት ፍሎረንስ ይገባል፤ ያያል፣ ይበላል፣ ማታ ወደ መርከቡ ይመለሳል። የምሳው ገንዘብ ፍሎረንስ ይቀራል።

የጎጃም ወደብ ባሕር ዳር ናት። አብዛኛው ጎብኚ በአውሮፕላን ይመጣል፣ በጀልባ ዘጌ ደርሶ ይመለሳል፣ ሆቴሉ ይበላል፣ ከዚያ ወደ ላሊበላ ይበራል። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ ባሕር ዳር የሚያደርሰውን መንገድ የሚያስታውሰው የለም። ሀዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስ በቢቸና በኩል ነው፤ የዓባዩ ሰባራ ድልድይ በሞጣ በኩል። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል፤ በላተኛው ግን ወደ ጤፉ አገር አይመጣም።

«አሁን እኮ ጦርነት ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በዚያ መንገድ ጎብኚ ላኩ የሚል የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ሰላምስ ማን አስቆመው?

ሰላም ሲወርድ የቱሪዝም ሹሞች ሌላ ሎጅ ከማስመረቃቸው በፊት የጉዞ ድርጅቶችን ሰብስበው የአንድ ቀን ምሳ ሞጣ ላይ ያስይዙ። ወጥ ሠርታ ለምታድር እናት ሪባን መቁረጥ ምን ይፈይድላታል? አውቶቡሱ ይቁምላት።