ሐኪሚቱ አሊስ ሐሚልተን

ሴት ልጅ መማር ምን ያደርግላታል የሚል ሰው ዛሬም አልጠፋም። እንዲህ ለሚል ሰው የአሜሪካዊቱን ሐኪም የአሊስ ሐሚልተንን ሥራ መንገር ይገባል።

አሊስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. ተወለደች፤ በዚያው አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቷን ፈጸመች። በ1897 ዓ.ም. ሺካጎ ወደምትባል ከተማ ሄዳ በድኾች ሰፈር ተቀመጠች። በዚያም ሠራተኞች ገና በጕልማስነታቸው እንደ ሽማግሌ ሲደክሙ አየች። አንዱን ሆዱን በብርቱ ይቈርጠዋል፤ የሌላው እጅ ከአንጓው ዝሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምክንያቱ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ነበረ። ነጭ ቀለም በሚሠራበት ፋብሪካ የእርሳሱ ትቢያ ይበናል፤ ሠራተኛውም በተነፈሰ ቍጥር መርዙን ወደ ውስጡ ያስገባል።

የፋብሪካ ጌቶች ግን፦ ሠራተኞቹ የሚታመሙት እጃቸውን ሳይታጠቡ ስለሚበሉ ነው፥ ይሉ ነበር። ጥፋትን በድኻ ላይ መጣል ቀላል ነውና። በ1910 ዓ.ም. የኢሊኖይ መንግሥት ነገሩን እንድትመረምር ባዘዛት ጊዜ፥ አሊስ ወደ ፋብሪካዎቹ ገብታ ትቢያውን አየች፤ የሐኪም ቤቱን መዝገብ ገለጠች፤ የታመሙትንም በየቤታቸው እየሄደች ጠየቀች። አንድ ባለ ፋብሪካ፦ በእኔ ዘንድ የታመመ የለም፥ ብሎ ቢከራከራት በእርሳስ ታመው ሐኪም ቤት የገቡ የ22 ሰዎች ማስረጃ አመጣችለት። እርሱም አምኖ ትቢያውን የሚያስወግድ መሣሪያ አስተከለ።

በ1919 ዓ.ም. የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህርት አድርጎ ሾማት። ከእርስዋ በፊት በዚያ ቤት መምህርት ሆና የተሾመች ሴት አልነበረችም። የተሾመችውም ያን ትምህርት ከእርስዋ ይልቅ የሚያውቅ ወንድ ስላልተገኘ እንጂ ሴቶችን ለማክበር አይደለም። ስለዚህ መምህራኑ ወደሚሰበሰቡበት ክበብ እንዳትገባ፥ በምረቃውም በዓል ከእነርሱ ጋር በሰልፍ እንዳትሄድ ከለከሏት። ለኳስ ጨዋታ የሚሰጠውን የመግቢያ ወረቀት እንኳ ነፈጓት፤ ይህስ የሚያስቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ሹመት ባትቀበል ይሻላት ነበር የሚል ይኖራል። ነገር ግን እምቢ ብትል ኖሮ ደስ የሚላቸው የከለከሏት ነበሩ፤ የሚጐዱት ደግሞ በትቢያ ውስጥ የሚሠሩት ነበሩ። እርስዋ ስለ ክበቡ በር ስትጣላ ጊዜዋን አላጠፋችም። በዓመት ግማሹን ጊዜ ብቻ ለማስተማር ተስማምታ፥ በቀረው ወደ ፋብሪካዎቹ ትመለስ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ከሥራ እስክትሰናበት ድረስ ማዕርጓን ከፍ አላደረጉላትም፤ ይህም ውርደቱ የእነርሱ ነው።

የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሴቶችን ተማሪዎች መቀበል የጀመረው በ1945 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አሊስ የ76 ዓመት ሴት ነበረች።