ጫፉ ገባ ማለት ቻርጀሩ ይሆናል ማለት አይደለም!

በሪሞት የሚሄድ አውሮፕላንና መኪና የምትወዱ ልጆች፣ «ጫፉ ከገባ የፈለግከውን ቻርጀር ሰካበት» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። እሳት ነው እየመከራችሁ ያለው!

መጀመሪያ ሪሞቱ ውስጥ ያለው ባትሪ ኒኬል ነው ሊቲየም? ብዙው የኒኬል ፈጣን ቻርጀር የሚያቆመው ባትሪው ሲሞላ ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ሲል አይቶ ነው። ሊቲየም ግን ሲሞላ ዝቅ አይልም፤ ቻርጀሩም «ገና ነው» እያለ ይገፋዋል። የተለመደው የሊፖ ሴል ደግሞ ጣሪያው 4.2 ቮልት ነው። ከዚያ ካለፈ ያብጣል፣ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በዚያ ላይ የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከሪሞት ሪሞት ይለያያል። ሳይለኩ መሰካት ቁማር ነው።

«እኔ ሁሌ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ምንም አልሆነም» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ እስካሁን አለመቃጠሉ ዕድልህን እንጂ ዕውቀትህን አያሳይም። «ትክክለኛው ቻርጀር ውድ ነው» ለሚለውም መልሴ አጭር ነው፦ ከቤት አይወደድም።

ስለዚህ ለባትሪው ዓይነት የተሠራውን ቻርጀር ተጠቀሙ። 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ ሊፖ ከ2 አምፔር በላይ አትስጡት። ሸክላ ላይ አስቀምጡት እንጂ ፍራሽ ላይ አይሁን። ያበጠውን ጭራሽ አትሰኩት። ሰክቶ መተኛትማ ይቅር!

ወላጆች፣ እናንተም ዛሬ ማታ ልጁ ምን ሰክቶ እንደተኛ እዩ።