ሰዓቱ ይወረሳል፣ ማሰሪያው ይታደሳል

ከአያት ወይም ከአባት የወረሰውን ሰዓት በእጁ የሚያስር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከአንድ ጥያቄ ፊት መቆሙ አይቀርም። ሰዓቱ ደኅና ይቆጥራል፤ ማሰሪያው ግን አልቋል። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል፤ ክሩ ተፍታቷል። ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌው እንዳለ ይታሰር? ከገበያ የተገኘው ይገዛ? ወይስ አዲስ ይሠራለት? እዚህ ሞላሌ ጉዳዩን ያነሣሁላቸው ወዳጆቼ ብዙዎቹ ፈገግ ብለው አልፈውታል። «የሰዓት ማሰሪያ ደግሞ ምን ያወያያል?» የሚል ፈገግታ ነው። በእኔ እምነት ግን ያወያያል። ውርስ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ የሚጠበቀውና የሚታደሰው የትኛው እንደ ሆነ፣ የእጅ ባለሙያንስ ምን ያህል እንደምናከብር ይህች ከሁለት ጣት የማትሰፋ ቆዳ ታሳብቅብናለች።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። የእጅ ሰዓትን የእጅ ሰዓት ያደረገው ማሰሪያው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአውሮፓ ወንዶች ሰዓታቸውን በሰንሰለት አንጠልጥለው በኪሳቸው ይይዙ ነበር፤ በእጅ የሚታሰረው በአብዛኛው እንደ ሴት ጌጥ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በምሽግ የተዋጋው ወታደር ግን ኪሱን የሚዳብስበት ጊዜም ሥራ የፈታ እጅም አልነበረውም። ስለዚህ በትንሽ የኪስ ሰዓት ላይ የሽቦ ጆሮ ተበየደ፤ በዚያ ውስጥ የቆዳ ጠፍር ገባ፤ ሰዓቱም ከእጅ ጋር ታሰረ። ከጦርነቱ በኋላ ልማዱ ለሰላሙ ሰው ተረፈ።

ጠፍር ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። የጠፍር አልጋ የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። የአልጋው እንጨት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይኖራል፤ ጠፍሩ ሲላላ ይጠበቃል፤ ሲበጠስ በአዲስ ይለወጣል። አልጋውን ግን ማንም «ይህ የአያቴ አልጋ አይደለም» አይለውም። ማተብም እንደዚሁ ነው። በአንገት ላይ ያለው ክር ላብና ጊዜ ይበላዋል፤ በሌላ ክር ይተካል፤ ከእናት የተረከቡት መስቀል ግን ያው መስቀል ነው። የብራና ዳዊትም ቢሆን ጥራዙ ሲላላ እንደገና ይጠረዛል፤ ማኅደሩ ሲቀደድ ሌላ ማኅደር ይሰፋለታል። ቃሉን የያዘው ብራና ይጠበቃል፤ ብራናውን የሚጠብቀው ቆዳ ይታደሳል። አባቶቻችን ይህን ልዩነት ሳይጽፉት ያውቁት ነበር።

ይህን ስል ግን አሮጌው ማሰሪያ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። አሮጌውን የሙጥኝ የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ ክርክሩንም ከራሴ ቤት አውቀዋለሁ። ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ የደረሰው ሮመር ሰዓት በስዊዘርላንድ ሶሎቱርን ከተማ የተሠራ ነው። የአያቴ ማሰሪያ ሦስተኛው ቀዳዳ እስኪሞላለል ሰፍቷል፤ የጤናው ዘመን ቀዳዳ ያ ነው። ከመጨረሻው ቀዳዳ አልፎ ደግሞ በምስማር የተበሳ ሌላ አለ፤ እርሱ ክንዱ የከሳበት የሕመሙ ዘመን ነው። ሰዓቱ ራሱ ስለ አያቴ የሚነግረኝ ነገር የለም፤ ለማንም ቢታሰር እኩል ይቆጥራል። የሰውየውን አካል የሚያስታውሰው ቆዳው ነው። እንግዲህ ይህን እንዴት እንጣለው? አንጣለው። ነገር ግን ለማስታወስ የሚቀመጥ ነገርና ሸክም የሚሸከም ነገር የተለያዩ ናቸው። የደከመን ቆዳ «ሰዓቱን ተሸከም» ብሎ ማዘዝ ማክበር አይደለም። ማሰሪያው በሳጥን ይቀመጥ፤ ለአዲሱም ልክ ይወሰድበት።

በመንዝ ምድር ይህ ጉዳይ ሌላም ክብደት አለው። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በፊት የመንዝ ሰው «ውርስ» ሲል መጀመሪያ የሚያስበው ርስቱን ነበር። አዋጁ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ ለገበሬው የቀረለት የመጠቀም መብት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ አያት «ይህ የእኔ ነው፤ ለአንተ ሰጥቼሃለሁ» ብሎ በሙሉ አፉ ሊናገርለት የሚችለው ነገር በእጅ የሚያዝ ሆኗል፦ አንድ ባና፣ አንድ በርኖስ፣ አንድ ዳዊት፣ አንድ ሰዓት። ትንሽ ነገር ትልቅ አደራ ተሸከመ። ስለዚህ ሰዓቱ በማሰሪያ ምክንያት ወድቆ ቢሰበር የሚጠፋው የብረት ቁራጭ ብቻ አይደለም።

የትልቆቹን ሰዓት ዕጣ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በ2008 ዓ.ም. በጄኔቭ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነቱ ላይ ክርክር ተነሥቶ ተነሣ፤ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ቀርቦ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። እዚያ ገበያ ውስጥ እያንዳንዱ ዘለበት፣ ሣጥንና ወረቀት ዋጋ ይጨምራል። የእኛ የአያት ሰዓት ግን ለጨረታ የተቀመጠ አይደለም። ክብሩ በመታሰሩ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተዘጋ ሰዓት ቅባቱ እየደረቀ ይሄዳል፤ ልጆችም ሳያዩት ያድጋሉ። ስለዚህ የማሰሪያው ምርጫ ሰዓቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ወደ እጅ የሚመልስ ምርጫ ነው።

ታዲያ በየሱቁ የተንጠለጠለውን መግዛት ምን ከፋ? አንድ ጎረቤቴ ከትልቁ ወንድሙ የወረሰውን ሰዓት የአዞ ቆዳ በሚመስል አንጸባራቂ ማሰሪያ አሰረው። በፋሲካ ያሰረው በሐምሌ ዝናብ ላዩ እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤ ፒኑ በሚገባበት እጥፋት ላይ ተቀደደ፤ ሰዓቱ ከበቅሎ ላይ ድንጋይ ላይ ወደቀ። መስተዋቱ ተሰበረ፤ ውስጡም ቆመ። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሰዓት መለዋወጫ ማግኘት ደግሞ ሌላ መከራ ነው። የተቆጠበው የማሰሪያ ዋጋ ሰዓቱን በላው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእንስሳ ቆዳ ላዩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ታቹ የላላ ነው። ቆዳው በውፍረቱ ሲሰነጠቅ ጠንካራው የላይኛው ክፍል ለውድ ሥራ ይሄዳል፤ የላላው የታችኛው ክፍል የፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶ፣ የአዞ ወይም የእንሽላሊት መልክ በማሽን ታትሞበት «ቆዳ ነው» ተብሎ ይሸጣል። አልዋሹም፤ ቆዳ ነው። ነገር ግን የሚያምረው ቀለሙ እንጂ ቆዳው አይደለም። ለመለየት የተቆረጠውን ጠርዝ ማየት፣ አጥፎ መመልከትና ማሽተት ይበቃል።

ስለ ልኩም ጥቂት ልበል፤ ብዙው ጥፋት ከዚህ ይመጣልና። መጀመሪያ የሚለካው በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው ስፋት ነው። የዛሬ ማሰሪያ በአብዛኛው 16፣ 18 ወይም 20 ሚሊሜትር ሆኖ ይመጣል፤ አሮጌ ሰዓት ግን 17 ወይም 19 ሊሆን ይችላል። ለ17 ሰዓት 18 ቢገባበት ጠርዙ ይጨማደዳል፤ 16 ቢገባበት ፒኑ ይታያል፤ ማሰሪያውም ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ውፍረቱ ነው። የአያቶቻችን ሰዓቶች ስስ ናቸው፤ ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ጠፍጣፋ ቆዳ ይበቃቸዋል። ወፍራምና የታጨቀ ማሰሪያ በስስ ሰዓት ላይ ሲታሰር በአህያ ላይ የበቅሎ ኮርቻ ይሆናል። ርዝመቱን አሮጌው ማሰሪያ ይናገራል። ፒኖቹም ከማሰሪያው ጋር ይለወጡ፤ የዛገ ፒን የጥሩ ቆዳ ጠላት ነው። ዘለበቱ ግን ከሰዓቱ ጋር የመጣ ከሆነ ታጥቦ ተወልውሎ በአዲሱ ላይ ይሰፋ። ብረት እንደ ቆዳ ፈጥኖ አያረጅም፤ አያት የነካው ዘለበት የልጅ ልጅ ጣት በየማለዳው ይንካው።

አሁን ወደ ቆዳው ምርጫ እንምጣ። የመንዝ ሰው በበጉ ይኮራል፤ ይገባዋልም፤ ባናውም ዝተቱም ከበጉ ጠጉር ነው። ነገር ግን ኩራት ልክ አይሁን። የበግ ቆዳ ለስላሳና ሳቢ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በውጭ አገር በጓንት ሥራ ስም ያተረፈው ለዚሁ ልስላሴው ነው። ጓንት መሳብ አለበት፤ የሰዓት ማሰሪያ ግን መሳብ የለበትም። ስለዚህ የበጉ ቆዳ ለውስጥ ገበር ይሁን፤ ሸክሙን የሚችለው የላዩ ቆዳ የፍየል ወይም የጥጃ ይሁን። የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ንግድ በስሙ የሚጠራ መሆኑን፣ ብራና ፋቂዎቻችንም ፍየልን የሚመርጡ መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። አለፋፉን በተመለከተ፣ በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳና ውኃ የሚችል ነው፤ በዕፅ የለፋው ግን ጠጠር ይላል፤ ከለበሰው ሰው ጋር እየጠቆረና መልኩን እየያዘ ይሄዳል። እኔ የዕፁን እመርጣለሁ። የአገራችን አልፊዎች በቀንጠፋና በእንቧይ ሲሠሩበት የኖሩት ጥበብም ከዚህ ወገን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው «ማን ይሥራው?» የሚለው ነው፤ የጽሑፌም ዋና ነገር ይህ ነው። ቆዳ አልፊውን በአገራችን ስንት ዘመን ሰድበነዋል! ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ቀነሰ፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለወጠ። ዛሬ ባለሙያውን አንሰድበውም፤ ሥራ አንሰጠውም እንጂ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ማየት ተለምዷል። ቆዳው በደጃችን ይበሰብሳል፤ እኛ ግን ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀለም የተቀባ ስንጣቂ በእጃችን እናስራለን። አዲስ አበባ መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ የሚሰፋ እጅ፣ በየወረዳው ከተማ ኮርቻ የሚጠግን እጅ፣ ለክታብ ቤት የሚሠራ እጅ ሁለት ጋት ማሰሪያ ለመቁረጥና ለመስፋት አያንስም። የሚያንሰው ትእዛዙ ነው።

«በእጅ የተሰፋ ሻካራ ይሆናል፤ ዋጋውም ይበልጣል» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የመጀመሪያው ማሰሪያ ስፌቱ ላይስተካከል ይችላል። ነገር ግን ባለሙያው ሁለተኛውን የሚያሳምረው የመጀመሪያውን ስናዘው ነው። ዋጋውም ቢሆን የሚለካው በሚቆይበት ዘመን ነው። ሦስት ማሰሪያ በዓመት የገዛ ሰው አንድ ካሠራው ይልቅ ብዙ ከፍሏል፤ ሰዓቱንም ሦስት ጊዜ ለአደጋ አጋልጧል። እርግጥ ነው፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በየቀኑ የሚታሰር ቆዳ ዘላለም አይኖርም። ዝናብ ሲነካው በጥላ ይድረቅ፤ እሳት ዳር አይቀመጥ፤ በውርጭ ወራት በጥቂቱ ቅባት ይነካ። ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ይሠራለት።

ማለቁም ቅር ሊያሰኘን አይገባም። ሰዓቱን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይዘን የምናደርስ እኛም ከጠፍር የተሻልን አይደለንም። የተረከብነውን ሳንጥል ለሚቀጥለው እጅ ካደረስን ሥራችንን ሠርተናል።

ክሩ ይለወጣል፣ መስቀሉ ይኖራል፤
ጠፍሩ ይበጠሳል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፤
እኔም ጠፍር ነኝና፣ አርጅቼ ብበጠስ፣
አደራው ይሻገር፣ ከልጅ ልጄ ይድረስ።