ለፎቶግራፍ በግምት ስም ማውጣት

በቤታችን ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተደርጎ የተሰቀለ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አለ። ጎራዴ የታጠቀ ሰው ከቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ቆሞ ይታያል። ከጀርባው አንድ ዘመዳችን የአያቴን አጎት ስም ጽፎበታል። እኒህ አጎት በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ዘምተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ልጃቸው እማሆይ ያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃን ስለ ነበሩ የአባታቸውን መልክ አያውቁም። በየዓመቱ መጋቢት 22 ቀን ወደ ቤታችን እየመጡ ፎቶግራፉን አስወርደው ይሳለሙታል።

ባለፈው ክረምት አያቴ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህስ አጎቴ አይደሉም። የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን አታየውም? ቆርቆሮ የለበሰው እኔ በተዳርሁበት ዓመት ነው፤ አስቀድሞ ሣር ነበረ» አሉኝ። አያቴ የተዳሩት ጠላት ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሐሳቤን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ነው። አባቴ፣ «እማሆይን ደስ ካላቸው ምን ይጎዳል?» ይለኛል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ያ ጎራዴ የታጠቀው ሰውም ልጆች ይኖሩታል፤ እነርሱም ምናልባት እዚሁ ደብረ ታቦር ውስጥ የአባታቸውን ፎቶግራፍ ይፈልጉ ይሆናል። በግምት የተጻፈ ስም ሁለት ሰው ይበድላል።

በከተማችን ተቀምጠው የገዙትን የዐፄ ቴዎድሮስን መልክ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ሹሩባቸውን አይተን እንለያቸዋለን። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስካሁን አልተገኘም። የምናየው ሁሉ የሠዓሊ እጅ ሥራ ነው፤ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰውም የነደፋቸው መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ነበር። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ስሙ አብሮ ስለ ተጻፈ ዛሬ ያን ሕፃን ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ፎቶግራፍን መርምሮ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ቦታውን ለማወቅ ከቤቱ ይልቅ ተራራውን መመልከት ይሻላል፤ ቤት ይፈርሳል፣ ጉና ግን ያው ጉና ነው። ባሕር ዛፍ ከታየ ፎቶግራፉ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አይቀድምም፤ ዛፉ ወደ አገራችን የገባው ያን ጊዜ ነውና። አባቶቻችን ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ ጎናቸው ስለ ነበር፣ በግራ ከታየ ፎቶግራፉ ተገልብጦ የታተመ ሊሆን ይችላል። (የእኛው ሰውዬ በቀኙ ነው የታጠቀው፤ ይህን አይቻለሁ።) ስም ግን ከሚያውቅ ሰው አፍ ካልሆነ በቀር ከየትም አይገኝም። ያያቴን ያህል ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ደግሞ በየሰፈራችን እየተመናመኑ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ዕረፍት የየቤታችሁን ሣጥን ክፈቱ። የተነገራችሁን ስም ከጀርባው በእርሳስ በቀስታ ጻፉ፤ ቀለም ወደ ፊት በኩል ሊዘልቅ ይችላል። ማን እንደ ነገራችሁና መቼ እንደ ነገራችሁም ጨምሩበት። ሁለት ሽማግሌዎች ሁለት ስም ቢነግሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ። የመጽሔታችንንም አዘጋጆች አንድ ነገር እለምናለሁ፤ «ተማሪዎች በስፖርት ሜዳ» ብላችሁ አትለፉን፣ ስማችንን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉልን።

እኔም ፎቶግራፉን ከመስተዋቱ አውጥቼ ከድሮው ጽሕፈት ሥር፣ «አያቴ አይደሉም ብለዋል፤ ማን እንደ ሆነ አልታወቀም» ብዬ በእርሳስ ጽፌ፣ ቀኑንም አክዬ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እማሆይ ገና አልሰሙም። መጋቢት 22 ቀን ሲመጡ ማን እንደሚነግራቸው፣ ወይስ ዝም ብለን አውርደን እንደምንሰጣቸው፣ ከአባቴ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።