መቅጃ ያለው ሪሲቨርና የሻጩ ቃል

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ፥ መሣሪያውን ገዝቶ ቤቱ ላስገባ ሰው የሚቀረው ሥራ አንቴናውን ማቆምና ቁልፉን ማዞር ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ሥዕሉ የሚመጣው በሳተላይት ሳሕን፥ በተለምዶ ዲሽ በምንለው ስለ ሆነ፥ በሳሕኑና በቴሌቪዥኑ መካከል ሪሲቨር የተባለው መሣሪያ ገብቷል። በዱባይ ተራና በአካባቢው ባሉት ሱቆች ከሚቀርቡት ሪሲቨሮች ብዙዎቹ፥ ፕሮግራሙን ቀድተው በኋላ ለማሳየት እንደሚችሉ በካርቶናቸው ላይ ተጽፎባቸዋል። በዚህ ገጽ ለክቡራን አስመጪዎችና ባለሱቆች ለማስገንዘብ የምንወደው፥ ይህ ጽሑፍ ለገዢው የተሰጠ ቃል መሆኑንና ቃሉም የሚፈጸመው መሣሪያው በገዢው ቤት በትክክል ሲሠራ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ፥ በካርቶኑ ላይ የሚታየው «ፒ.ቪ.አር. ሬዲ» የሚለው ቃል በደንብ ሊተረጐምለት የሚገባ ነው። ትርጉሙ ማስቀመጫ ቢጨመርለት ይቀዳል ማለት ነው። ፍላሹ ወይም ሃርድ ዲስኩ አብሮ ካልመጣ ለብቻው ይገዛል። ሪሲቨሩ ዲስኩን ለሥራ ሲያሰናዳ፥ ይኸውም ፎርማት ሲያደርግ፥ በላዩ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። ይህ ያልተነገረው ሰው የልጁ ሠርግ ፎቶግራፍ ያለበትን ፍላሽ ቢሰካ፥ የሚደርስበት ጉዳት በሪሲቨሩ ዋጋ የሚተመን አይሆንም። እንደዚሁም መቀበያ ክፍሉ አንድ ብቻ የሆነ ሪሲቨር አንዱን ጣቢያ እየቀዳ ሌላውን ሁሉ እንደ ልብ አያሳይም። ገመዱም ቢሆን፥ ኤችዲኤምአይ የሌለው አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ገዢ ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ይፈልጋልና፥ ሻጩ አስቀድሞ ቢጠይቀው ገዢውን ከመመላለስ ያድነዋል።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት አቆጣጠር ነው። ሪሲቨሩ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ በእኛ የምሽት 2 ሰዓት የምንለው በመሣሪያው 20 ሰዓት ነው። የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና ሊያስቀዳ ፈልጎ 2 ብሎ የሞላ ገዢ፥ መሣሪያው የሚነሣለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚህም ላይ የዱባይ ሰዓት የአዲስ አበባን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ በዚያ አገር ሰዓት ተስተካክሎ የመጣ ሪሲቨር ካልታረመ፥ ከታዘዘው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መቅዳት ይጀምራል። ገዢውም በማግሥቱ ዕቃውን ተሸክሞ «ተበላሽቷል» እያለ ይመለሳል። መሣሪያው ግን ደኅና ነው፤ የጐደለው የሁለት ደቂቃ ማስረዳት ነበር።

አንዳንድ ባለሱቆች፥ ትርፉ ጥቂት ደንበኛውም ብዙ በሆነበት ገበያ ለእያንዳንዱ ገዢ ማስረዳት እንዴት ይቻላል ይሉ ይሆናል። አነጋገራቸው እውነትነት አለው። ነገር ግን ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ በክርክር የሚባክነው ጊዜ በማስረዳት ከሚያልፈው እጅግ ይበልጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የብርም ዋጋ በብዙ ከቀነሰ ወዲህ፥ አንድን ሪሲቨር ለማስመጣት የሚወጣው ብር ቀላል አይደለም። በዚህ ዋጋ የገባ ዕቃ በገዢው ቤት ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ ጉዳቱ ለገዢም ለአገርም ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አስፍሯል። ይሁን እንጂ ጠንቃቃ ነጋዴ ይህን የሚያደርገው ሕግ ስላስገደደው ብቻ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አስመጪዎች ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር አንዲት ገጽ የአማርኛ መመሪያ ያስገቡ፤ በዚያችም ላይ የገመዶቹ አሰካክ፥ የዲስኩ አሰነዳድና የሁለቱ ሰዓቶች ማነጻጸሪያ ይጻፍ። ባለሱቆች ሪሲቨሩን በሱቃቸው ባለ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው፥ ጥቂት ደቂቃ ቀድተው መልሰው ለገዢው ያሳዩ። ፍላሹ ወይም ዲስኩ በዋጋው ውስጥ መኖሩንና አለመኖሩን ደግሞ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ይንገሩ።

በአንድ ተራ ጐን ለጐን በተሠለፉ ሱቆች አንድ ዓይነት ዕቃ በተቀራራቢ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ የሚወስነው፥ የመጀመሪያው ሪሲቨር በቤቱ እንዴት እንደ ሠራለት ነው።