አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው

በኮምፒዩተር ፊደል ከሚለቅሙት አንዳንዶቹ የላቲንን ሁለት ነጥብ ደግመው መትተው «አራት ነጥብ ነው» ይሉናል። ለዓይን ይመስል ይሆናል፤ ለሥራ ግን አይሆንም። ለላቲን ፊደል የተቀረጸ ነውና ከፊደላችን ቁመትና ውፍረት ጋራ አይስማማም፤ ከፊቱ ባዶ ስፍራ የተተወለት እንደ ሆነም፥ ከዐረፍተ ነገሩ ተለይቶ በሚቀጥለው መሥመር ራስ ላይ ብቻውን ይወድቃል።

«መሣሪያው አራት ነጥብ የለውም» የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አይሰማም፤ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1999 የራሱን ቍጥር ሰጥቶታልና። የብራናው ጸሐፊ በወስፌ አስምሮ፥ በመቃ ብርዕ እያንዳንዱን ነጥብ በስፍራው ሲያኖር አልታከተም፤ ቍልፍ መምታት ብቻ የቀረለት ሰው ስለ ምን ይታክታል? መሣሪያ አልጐደለም፤ የጐደለው ትጋት ነው።